ድራሙን ያሳነሰው ማነው? ሃርድዌርና ሶፍትዌር ኮምፕረሰር በአንድ ሚክስ ላይ

ጉዳዩ የተነሣው ከድራመሩ ቅሬታ ነው። ቀረጻው ጥሩ ነበር፣ ልጁም ክንዱን ሳይሰስት ነው የመታው፣ ግን ሚክሱ (ትራኮቹ ተቀላቅለው የወጡበት ድምፅ) ሲመጣ ድራሙ ከጊታሮቹ ጀርባ ሆኖ በጣት በር የሚቆረቁር ሰው ይመስላል። "እኔ እኮ እንደዚህ አልመታሁም" አለ። ሚክሱን የሠራው ኢንጂነር መልሱ አፉ ላይ ነበር። ኮምፕረሰሩ (ጮክ ያለውን የድምፅ ክፍል ዝቅ የሚያደርገው ዕቃ) ፕለጊን፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ ሶፍትዌር፣ ስለሆነ ነው፤ እውነተኛው ዕቃ በእጄ ቢኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ባንዱ ሃርድዌር ኮምፕረሰር እንግዛ አንግዛ እያለ ሲከራከር ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያዳምጥ ሌላ ጆሮ ፈለጉና እኔ ተጠራሁ።

ዘፈኑ በደቂቃ 96 ምት የሚሄድ፣ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የተቀረጸ ነው። ድራሙ ላይ ዘጠኝ ማይክ ነበር። ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ውስጥ አንድ፣ ስኔሩ (በዱላ የሚመታው ዋናው ድራም) ከላይና ከታች፣ ሁለት ቶም ላይ አንዳንድ፣ ከላይ የተሰቀሉ ሁለት ኦቨርሄድ፣ ከዚያ ደግሞ ራቅ ብለው ክፍሉን የሚይዙ ሁለት ሩም ማይኮች። ያልተለመደ ነገር የለውም። በስቱዲዮው ውስጥ ደግሞ የሚፈለጉት ዕቃዎች ነበሩ። ሁለት ባለ 1176 አሠራር ኮምፕረሰሮች፣ አንድ የዲቢኤክስ 160 ዓይነት፣ አንድ የኤስኤስኤል ኮንሶል ዓይነት ስቴሪዮ ኮምፕረሰር። ኢንጂነሩ በፕለጊን ሲጠቀምባቸው የነበሩትም የእነዚሁ ቅጂዎች ናቸው። ስለዚህ ንጽጽሩ ፍትሐዊ ነበር። አንድ ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ በብረት፣ አንዱ በኮድ።

ሃርድዌሩን ከማብራታችን በፊት ግን ሴሽኑን (ሚክሱ የተሠራበትን የኮምፒውተር ፋይል) ከፈትነው። የነገሩ ግማሽ ያለቀው እዚህ ነው።

ስኔሩ ላይ የ1176 ፕለጊን ተቀምጧል። ለማያውቀው፣ ይህ ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1967 ቢል ፑትናም ያወጣው፣ በቱቦ ፋንታ ትራንዚስተር ይዞ የመጣ፣ በጣም ፈጣን የሆነ ኮምፕረሰር ነው። ትሬሾልድ የሚባል፣ ኮምፕረሰሩ ሥራ የሚጀምርበትን የድምፅ ከፍታ የሚወስን ማዞሪያ የለውም። ድምፁን በኢንፑት ማዞሪያው እየገፋህ ነው ወደ ኮምፕረሽን የምታስገባው። አታኩ (ድምፁን ለመያዝ የሚፈጅበት ጊዜ) ከ20 እስከ 800 ማይክሮሰከንድ፣ ሪሊዙ (መልሶ ለመልቀቅ የሚፈጅበት) ከ50 እስከ 1100 ሚሊሰከንድ ይሄዳል። ዋናው ጉድ ደግሞ ማዞሪያዎቹ ከሌላው ዕቃ በተቃራኒ መሆናቸው ነው። 1 ዘገምተኛው፣ 7 ፈጣኑ። ኢንጂነሩ አታኩን ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሮታል፤ አብዛኛው ኮምፕረሰር ወደ ቀኝ ሲዞር ስለሚዘገይ፣ እሱም "ጫፉ እንዲያልፍ ዘገየሁለት" ብሎ ነው። በተግባር ግን 20 ማይክሮሰከንድ ላይ ነው ያስቀመጠው። በ48 ኪሎኸርዝ አንድ ሳምፕል (ዲጂታል ቀረጻው ድምፁን አንዴ የሚለካበት ነጥብ) የሚወስደው ጊዜ 20.8 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። ማለትም ኮምፕረሰሩ የስኔሩን ጫፍ የሚይዘው አንድ ሳምፕል እንኳን ሳያልፍ ነው። ምን ይተርፋል?

ሁለተኛው ነገር ደረጃው ነው። የስኔሩ ትራክ ጫፉ ከዲጂታሉ ጣሪያ፣ ከዜሮ፣ በታች 2 ዲሲቤል (ዲቢ) ላይ ደርሶ ነው የሚገባው። እነዚህ የድሮ ዕቃ ቅጂ የሆኑ ፕለጊኖች አብዛኞቹ የተሠሩት፣ በዲጂታሉ ሚዛን ከዜሮ በታች 18 ዲቢ አካባቢ ያለው ድምፅ በአናሎጉ መርፌ ላይ ዜሮ እንዲሆን ታስቦ ነው። ትሬሾልድ በሌለው ዕቃ ላይ ትራኩን በዚያ ጉልበት ካስገባህ፣ ኢንፑቱን ገና ሳትነካው ገፍተኸዋል ማለት ነው። ቅነሳውን የሚያሳየው መርፌ በእያንዳንዱ ምት 15 ዲቢ አካባቢ እየወደቀ ነበር። ኢንጂነሩ መርፌውን አይቶት አያውቅም ማለት አይደለም፤ "1176 እንደዚህ ነው፣ ኃይለኛ ነው" ብሎ ተቀብሎታል። ይሄን አባባል ብዙ ሰው ጋ ሰምቼዋለሁ።

ሦስተኛው፣ ድራሙ ሁሉ በሚሰበሰብበት ግሩፕ ላይ የኤስኤስኤል ፕለጊኑ አታኩ 0.1 ሚሊሰከንድ፣ ሬሾው (የቅነሳው ጥንካሬ) 10 ለ 1 ሆኖ ተቀምጧል። በላዩ ላይ ማስተሩ (የመጨረሻው መውጫ) ላይ ሊሚተር፣ ድምፁ ከጣሪያ እንዳያልፍ የሚያግድ፣ አለ። ስለዚህ ያችው አንዲት ጫፍ ሦስት ቦታ ተላጨች።

የድራም ምት ለጆሮ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊሰከንዶች የዱላው ንክኪ ናቸው፣ "ጠ" የሚለው። ከዚያ በኋላ የቆዳውና የቀፎው አካል ይመጣል፣ "ውም" የሚለው። ኮምፕረሰሩ የመጀመሪያውን አሳልፎ ሁለተኛውን ከያዘ፣ ጫፉ ከአካሉ አንጻር ጎልቶ ይወጣና ምቱ ጉልበት ያገኛል። ጫፉን ከያዘው ደግሞ ድራሙ ወፍራም ሊሆን ይችላል ግን ከፊት አይቆምም። ጊታር በበዛበት ሚክስ ውስጥ ጫፍ የሌለው ስኔር ይሰምጣል፣ ፌደሩን ብታነሣውም ይሰምጣል። ድራመሩ "አልመታሁም" ያለው ይህንኑ ነው።

አስተካከልነው። ትራኩን ወደ ፕለጊኑ ከመግባቱ በፊት ዝቅ አደረግነው፣ የ1176ቱን አታክ ወደ ግራ መለስነው፣ ሪሊዙን ወደ ፈጣኑ ጫፍ ገፋነው፣ ቅነሳውን ከ5 እስከ 6 ዲቢ ላይ አቆምነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ የ1176 በጣም ዘገምተኛው አታክ እንኳን 800 ማይክሮሰከንድ ነው። አንድ ሚሊሰከንድ አይሞላም። የዚህ ዕቃ "ዘገምተኛ" ለሌላው ዕቃ ፈጣን ነው፣ ስለዚህ ስኔር ላይ ስትጠቀምበት ወደ ግራ መጨረሻ ብትሄድ ማንም አይቀጣህም። ግሩፑ ላይ አታኩን ወደ 30 ሚሊሰከንድ፣ ሬሾውን ወደ 4 ለ 1 አመጣነው። ድራመሩ ሰማውና "አሁን እኔን ይመስላል" አለ።

ሃርድዌሩ ገና አልበራም።

ኢንጂነሩ ግን ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። "እሺ ቅንብሩ ተበላሽቶ ነበር። በዚህ ቅንብር ሃርድዌሩ ቢገባ ደግሞ ይበልጥ አይሻልም ወይ?" ትክክል ነው፣ የተጠራሁትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ወደ ንጽጽሩ ገባን።

ንጽጽር ሲባል ብዙ ሰው የሚያደርገው ሃርድዌሩን ሰክቶ፣ ማዞሪያውን አዙሮ፣ "ኦ!" ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ጮክ ያለው ነው። ጆሯችን ከሁለት አንድ ዓይነት ድምፆች መካከል በትንሹ ጮክ ያለውን ይወዳል፣ ልዩነቱ አንድ ዲቢ ባይሞላም። የሚወደው ጩኸቱን ነው፣ ግን "ሞቃት ነው"፣ "ጥልቀት አለው" ብሎ ይናገርለታል። ስለዚህ የሁለቱን ድምፅ በላውድነስ ሜትር እያየን እኩል አደረግን። የማዞሪያ ቁጥሮችን ግን አላመንንም። ፕለጊኑ ላይ 3 የሚለው ብረቱ ላይ 3 ከሚለው ጋር አንድ አይደለም፣ ሁለቱ ብረቶች እንኳን እርስ በርስ አልተስማሙም። እናም ያመሳሰልነው በቅነሳው መጠንና መርፌው በሚመለስበት ፍጥነት ነው። የሃርድዌሩን ድምፅ ወደ ትራክ ቀረጽነው፣ ስሞቹን ደበቅን፣ ማን ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሁሉም አዳመጠ።

ስኔር ላይ የተገኘው ለሃርድዌር ወዳጆች የሚያስከፋ ነው። መለየት አቃተን። ኢንጂነሩ አንዴ በእርግጠኝነት "ይሄ ብረቱ ነው" ብሎ የጠቆመው ፕለጊኑ ሆነ። ድራመሩ ደግሞ አንዱን ከሌላው አላስበለጠም፣ ሁለቱንም ወደዳቸው። የአንዱን ትራክ ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጠን ሁለቱን አንድ ላይ ስናጫውት ፍጹም አልተጠፋፉም፣ በምቱ መጀመሪያ ላይ ቅሪት ይሰማል። ግን ያ ማረጋገጫ አይደለም። ሁለቱን ብረት 1176ዎች እርስ በርስ እንደዚያው ብናደርጋቸውም ቅሪት ተሰምቷል። አናሎግ ዕቃ ከመንታ ወንድሙ ጋር እንኳን አይገጥምም። ፕለጊኑ ከብረቱ የሚለየው አንዱ ብረት ከሌላው በሚለየው መጠን ከሆነ፣ እኔ እንደ ሦስተኛ ወንድም ነው የማየው።

ኪኩ ላይ ነገሩ ትንሽ የተለየ መልክ ያዘ። ዲቢኤክስ 160 በ1970ዎቹ ከዴቪድ ብላክመር ኩባንያ የወጣ፣ ቪሲኤ በሚባል የኤሌክትሪክ ዑደት የሚሠራ ቀላል ዕቃ ነው። አታክና ሪሊዝ የሚባል ማዞሪያ የለውም፤ ፍጥነቱን ራሱ ከድምፁ ጉልበት ይወስናል፣ በኃይል የመጣበትን ቶሎ ይይዛል፣ ለስለስ ያለውን በዝግታ። ለኪክ የተወደደው ለዚህ ነው። ጫፉ ትንሽ ያመልጥና ከኋላው ጥብቅ ብሎ ይይዛል። እዚህም ብረቱና ቅጂው ሲዳመጡ ተቀራርበው ነበር። ልዩነት ያመጣው ሌላ ነገር ነው። ፕለጊኑ ላይ ኮምፕረስ የሆነውንና ያልሆነውን የሚያቀላቅል ማዞሪያ አለ፣ ኮምፕረሰሩ ለመወሰን ከሚያዳምጠው ድምፅ ላይም ዝቅተኛ ድምፆችን የሚቆርጥ ፊልተር አለ። ብረቱ ላይ ሁለቱም የሉም። ለዚህ ዘፈን ኪኩን ግማሽ በግማሽ ማቀላቀል ነው የበጀን፣ በሶፍትዌር ደግሞ አንድ ማዞሪያ ነው።

በነገራችን ላይ ኢንጂነሩ መጀመሪያ ላይ ኪኩ ላይ ሌላ፣ ንጹሕ ዲጂታል የሆነ ኮምፕረሰር አስቀምጦ "ሶፍትዌር ይንኮሻኮሻል" ብሎ ነበር። ሪሊዙ 10 ሚሊሰከንድ ነው። ኪኩ 50 ኸርዝ አካባቢ ጉልበት አለው፣ 50 ኸርዝ አንድ ዙር ለመጨረስ 20 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ኮምፕረሰሩ ከሞገዱ ዙር ቀድሞ ከለቀቀ፣ የድምፁን ከፍታ መከተሉ ይቀርና የሞገዱን ቅርጽ ራሱን ያጣምማል። ይሄ ከሶፍትዌርነቱ ጋር አይገናኝም። ብረቱንም እንዲህ ብታደርገው ይንኮሻኮሻል፣ ልዩነቱ የብረቱን መንኮሻኮሽ ሰው "ካራክተር" ብሎ ይጠራዋል።

አሁን ሩም ማይኮቹ። እውነተኛው ልዩነት የነበረው እዚህ ነው።

የፈለግነው ክፍሉ እንዲፈነዳ ነው። 1176 ላይ አራቱን የሬሾ ቁልፎች፣ 4፣ 8፣ 12 እና 20፣ አንድ ላይ መጫን የሚባል የቆየ ጨዋታ አለ። ዕቃው ለዚህ አልተሠራም ግን ስቱዲዮዎች ለምደውታል። ሬሾው ከ12 እስከ 20 መካከል የሆነ ቦታ ይሄዳል፣ የዑደቱ ሚዛን ይዛባል፣ አታኩ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይዘገያል፣ ድምፁ ይጎረብጣል። ስኔሩ ሲመታ ክፍሉ ትንፋሹን ይውጥና ከዚያ በሚቀጥለው ምት ፊት ተመልሶ ያብጣል። በደቂቃ 96 ምት ላይ አንድ ሩብ 625 ሚሊሰከንድ፣ አንድ ስምንተኛ 312 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሪሊዙን በዚህ ውስጥ እንዲመለስ ካደረግከው ክፍሉ ከዘፈኑ ጋር ይተነፍሳል። ቅነሳው ከ20 ዲቢ በላይ ነበር፤ መርፌው ሊተኛ ምንም አልቀረውም።

ሳናውቅ ስናዳምጥ ሁላችንም ብረቱን መረጥን። ድራመሩም፣ ኢንጂነሩም፣ እኔም። ፕለጊኑ ላይ ሲምባሎቹ ከላይ ያለ ቀጭን የሚያስቆጣ ነገር ነበራቸው፣ እንደ ብርጭቆ ዱቄት ያለ፣ ከኖታው ጋር የማይሄድ። ኢንጂነሩ "ነግሬያችሁ ነበር" በሚል ዓይን አየን። ግን ይህ ነገር ምክንያት አለው።

ኮምፕረሰር የድምፁን ከፍታ በፍጥነት ሲለዋውጥ በዋናው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ አዳዲስ ከፍተኛ ድምፆችን ይፈጥራል። በአናሎግ ዕቃ ውስጥ እነዚህ ወደ ላይ ይሄዳሉ፣ ከጆሯችን በላይ ያልፋሉ፣ አለቀ። በዲጂታል ግን ጣሪያ አለ። በ48 ኪሎኸርዝ የተቀረጸ ድምፅ ከ24 ኪሎኸርዝ በላይ ምንም መያዝ አይችልም። ጣሪያውን ያለፈው ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ታጥፎ ወደ ታች ይመለሳል። በ30 ኪሎኸርዝ የተፈጠረ ነገር 18 ኪሎኸርዝ ላይ ሆኖ ይሰማል፣ በ40 የተፈጠረው 8 ላይ። ከሙዚቃው ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ስኔር ብቻውን ሲሆን ላይሰማ ይችላል፣ ምክንያቱም ስኔር ራሱ ጫጫታ ነው። ሲምባል የሞላበት ሩም ማይክ ላይ፣ በ20 ማይክሮሰከንድ አታክ፣ በ20 ዲቢ ቅነሳ ግን ይሰማል።

መፍትሔው ኦቨርሳምፕሊንግ ነው። ፕለጊኑ ውስጥ ለውስጥ በአራት ወይም በስምንት እጥፍ ፍጥነት ይሠራና ጣሪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ከዚያ አጣርቶ ይመልሳል። በዚህ ፕለጊን ላይ ኦቨርሳምፕሊንጉ በአማራጭ የተቀመጠ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ እንዳይጫን ተብሎ ተዘግቶ ነበር። ወደ አራት እጥፍ ከፈትነው። የብርጭቆው ዱቄት ጠፋ ማለት ይቻላል።

እንደገና አዳመጥን። አሁን ልዩነቱ ጠበበ፣ ግን አልተዘጋም። ብረቱ ላይ ክፍሉ ሲመለስ ያለው እብጠት ለስላሳ ነበር፣ እኩል ያልሆነ፣ አንዱ ምት ከሌላው ትንሽ የሚለይ። ፕለጊኑ ላይ እብጠቱ ይበልጥ የተለካ ሆኖ ተሰማን። እንዲህ ዓይነት ዕቃ መለኪያውን የሚያየው በመውጫው ላይ ነው፣ ማለትም ራሱ የቀነሰውን ድምፅ እያየ ነው ቀጣዩን የሚወስነው። ከባድ ቅነሳ ላይ ዑደቱ ከራሱ ጋር ይታገላል፣ ያንን ትግል በኮድ መምሰል ከባድ ነው። በ5 ዲቢ ቅነሳ ላይ ማንም አይለየውም። በ20 ዲቢ ላይ፣ ሁሉም ቁልፍ ተጭኖ፣ እኔ አሁንም ብረቱን እመርጣለሁ። በዚህ አልከራከርም።

ደስታችን ግን ረጅም አልነበረም። የተጨፈለቀውን ሩም ከሌሎቹ ትራኮች ጋር ስናገናኘው ድራሙ ቀጠነ። በጣም ቀጠነ፤ ስኔሩ ሆዱ ባዶ ሆነ። "ብረቱ አቀጠነው" የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። አላቀጠነውም። ኢንጂነሩ ያልተነካውን የሩም ትራክም ከሥር አስቀርቶ ሁለቱን እያቀላቀለ ነበር። ድምፁ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ፣ በኮንቨርተር ወደ አናሎግ ተለውጦ፣ ብረቱን አልፎ፣ በኮንቨርተር ሲመለስ ይዘገያል። ፕሮግራሙ ይህን ዝግየት ራሱ ያስተካክላል ተብሎ ይታመናል፣ ብዙ ጊዜም ያስተካክላል፣ ግን የሚያስተካክለው ኢንተርፌሱ (ኮምፒውተሩን ከድምፅ ዕቃዎቹ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን) በነገረው ቁጥር ነው፣ ኢንተርፌሱ ደግሞ ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። እዚህ 48 ሳምፕል ቀርቶት ነበር። በ48 ኪሎኸርዝ ያ ልክ 1 ሚሊሰከንድ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ድምፆች በ1 ሚሊሰከንድ ተዛንፈው ሲደመሩ 500 ኸርዝ ላይ ይጠፋፋሉ፣ ከዚያ 1500 ላይ፣ ከዚያ 2500 ላይ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የስኔሩ ሆድ የሄደው በዚህ በኩል ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ብረቱን ባይፓስ አድርጋችሁ (ድምፁን ሳይነካ እንዲያሳልፍ) አንዲት አጭር ክሊክ በዚያው መንገድ ትልካላችሁ፣ ትቀርጿታላችሁ፣ ከዋናዋ ክሊክ ጋር ያላትን ርቀት በሳምፕል ትለካላችሁ፣ ያንን ቁጥር ለፕሮግራሙ ትሰጡታላችሁ። የሳምፕል መጠኑ ወይም የኢንተርፌሱ ቅንብር ሲቀየር እንደገና ትለካላችሁ። ይህን ካደረግን በኋላ የስኔሩ ሆድ ተመለሰ። በብረት ፓራለል ኮምፕረሽን (የተጨፈለቀውን ካልተነካው ጋር ማቀላቀል) የሞከረና "ሃርድዌር አይሆነኝም" ብሎ የተወ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ይህን ይይ።

ሌላ ትንሽ ነገር፣ የብረቱ የራሱ ጫጫታ። 20 ዲቢ ቀንሶ ያንን መልሶ ማንሳት ያንን ጫጫታ ሁሉ አብሮ ያነሣል። ዘፈኑ ሲጫወት አይሰማም፣ መጨረሻ ላይ ሲምባሉ እየደከመ ሲሄድ ግን "ሽሽሽ" ይላል። ሲምባሉ ጨርሶ ሳይደክም ትራኩን በፌድ (ቀስ በቀስ ዝቅ እያደረግን) ዘጋነው። አለፍን።

የድራሙ ግሩፕ ላይ ረጅም ጊዜ አልቆየንም። የኤስኤስኤሉ ዕቃ አታኩ በደረጃ የተከፈለ ነው፣ 0.1፣ 0.3፣ 1፣ 3፣ 10፣ 30 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊዙም እንዲሁ 0.1፣ 0.3፣ 0.6፣ 1.2 ሰከንድና አውቶ። ደረጃ ስላለው ብረቱንና ፕለጊኑን ማመሳሰል እንደ 1176ቱ አላስቸገረም። 4 ለ 1፣ 30 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊዝ 0.1፣ ቅነሳ ከ2 እስከ 3 ዲቢ። ልዩነቱ ነበር ብል ዋሸሁ። ምናልባት ብረቱ ታችኛው ድምፅ ላይ ትንሽ ሰፋ ይላል፣ ምናልባትም እንዲሰፋ ፈልጌ ነው።

ውሳኔውን የወሰነልን የድምፅ ጥራት አይደለም። በማግስቱ ባንዱ ደወለ። የመጨረሻው አዝማች አጠረ፣ ይደገም፣ መሃሉ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ ይርዘም። ሚክስ የሠራ ሰው ይህን ስልክ ያውቀዋል። ግሩፑ በብረት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር እንደገና በእውነተኛ ጊዜ መቀረጽ ነበረበት፣ ማዞሪያዎቹን በፎቶ እያዩ መመለስ፣ ደረጃውን እንደገና መለካት። ከዚህም በላይ ድራመሩ አዝማቹ ላይ ኮምፕረሽኑ ትንሽ እንዲለቅ ፈለገ፣ በፕለጊን ያንን በአውቶሜሽን (ማዞሪያው በራሱ እንዲንቀሳቀስ በማዘዝ) አንድ መስመር ሰርተን ጨረስን። በብረት በእጅህ እያዞርክ፣ ልክ በሰዓቱ፣ ካልተሳካ እንደገና። ግሩፑ በሶፍትዌር ቀረ።

የሩም ትራኩ ግን ተቀርጾ ስለነበር አልነካነውም፣ የተደገመውን አዝማች ከራሱ ከተቀረጸው ላይ ቆርጠን ለጠፍነው። እዚህ ላይ የብረት ጥቅም የሚመስለኝን ልናገር። ብረት ውሳኔህን ያስጨርስሃል። ቀርጸኸዋል፣ አለቀ። ኢንጂነሩ ስኔሩ ላይ ያለውን ፕለጊን ሚክሱ እስኪወጣ ድረስ መነካካቱን አላቆመም፤ ሩሙን ግን አንዴም አልነካውም። ይህ የድምፅ ጉዳይ አይደለም፣ ግን ሚክስ ላይ ይሰማል።

ቀረጻ ላይ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለ። ድራመሩ በጆሮ ማዳመጫው ራሱን እየሰማ ሲመታ፣ ከፊቱ ያለው ብረት ኮምፕረሰር የሚጨምረው ዝግየት የለም ማለት ይቻላል። ኦቨርሳምፕሊንግ ወይም ወደፊት የሚያይ ፕለጊን ግን ይዘገያል፣ ሚክስ ላይ ፕሮግራሙ ያካክሰዋል፣ በቀጥታ በሚሰማ ድምፅ ላይ ግን ማካካሻ የለም። ጥቂት ሚሊሰከንድ ዝግየት ለድራመር ትልቅ ነገር ነው።

ባንዱ በመጨረሻ አልገዛም። ኢንጂነሩ ተከራከረ፣ እኔም ሙሉ በሙሉ አልተቃወምኩትም፤ ሁለት ቻናል ያለው ባለ 1176 አሠራር ዕቃ ቢኖረው ለሩምና ለቀረጻ ይጠቀምበታል። ግን ለስኔርና ለኪክ ብሎ የሚገዛ ከሆነ ገንዘቡን ያባክናል ብዬዋለሁ፣ አሁንም እላለሁ። የተስማሙት በሚቀጥለው ሥራ ሩሞቹን ለመጨፍለቅ ብቻ ያንን ስቱዲዮ ለመያዝ ነው። የተቀረው በፕለጊን ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን በብረትም በፕለጊንም አልተፈታም። ሃይሃቱ (በእግር የሚከፈቱና የሚዘጉት ሁለት ሲምባሎች) ስኔር ማይክ ውስጥ በጣም ገብቷል። ስኔሩን 6 ዲቢ ቀንሰህ መልሰህ 6 ዲቢ ካነሣኸው፣ በምቶቹ መካከል ያለው ሃይሃት በ6 ዲቢ ይጨምራል፤ ኮምፕረሰሩ የማንም ይሁን የማን። ፈጣኑ ሪሊዝ ደግሞ ያባብሰዋል፣ ምክንያቱም ሃይሃቱ ከመምጣቱ በፊት ድምፁን መልሶ ያነሣል። ሪሊዙን አዘገየነው፣ ከፍተኛውን ድምፅ ከኮምፕረሰሩ በፊት በኢኪው (ቀጭንና ወፍራም ድምፆችን ለየብቻ በሚያስተካክለው) ትንሽ ቆረጥነው፣ ከመሃል የተገኘውን ተቀበልን። ለሚቀጥለው ቀረጻ ድራመሩ ሃይሃቱን ከፍ አድርጎ ሊያቆመው፣ ኢንጂነሩ ደግሞ የማይኩን ጀርባ ወደ ሃይሃቱ ሊያዞር ተነጋግረዋል።